ለፀሐይ ግርዶሽ ልምምድ አዋሽ የወረድን ጊዜ

ከሺሮ ሜዳ ተነስቶ አዋሽ ሰባት ኪሎ ደርሶ መመለስ ሰው የሚጽፍለት ጉዞ አይደለም። ሽንኩርት የሚጭን ሾፌር በሳምንት ሁለቴ ይመላለስበታል፤ ማስታወሻም አይጽፍም። እኔ ግን የሄድኩት ከባሌ፣ ከአባቴና በኤሌክትሪክ ከምትሄድ አንዲት ትንሽ መኪና ጋር ነው። ሦስት ቀን ፈጀብን። ከተመለስን ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ እየመጣ "እንዴት ነበር?" ስለሚለኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ባሌ ደሳለኝ የፊዚክስ መምህር ነው። በመጪው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚኖር ካወቀ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። "እዚሁ ሆነን አናየውም?" ስለው በመስኮቱ ወደ እንጦጦ እያሳየኝ፣ "በሐምሌ? ይሄን ደመና ማን ይገፍፍልሻል?" ይለኛል። እውነቱን ነው። በሐምሌ እኛ ሰፈር ፀሐይ እንደ ሩቅ ዘመድ ናት፤ ደህና መሆኗን እንሰማለን እንጂ አትመጣም። ስለዚህ ዕቅድ አወጣ። ደመናው ወደሚሳሳበት ቆላ እንወርዳለን፤ ወደ ምሥራቅ በራቅን መጠን ደግሞ ጨረቃዋ ከፀሐይ ላይ የምትቆርሰው እየበዛ ይሄዳል። ዕቅዱ በደብተር ላይ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ተጻፈ። ሰማያዊው መንገዱ ነው፤ አረንጓዴው መኪናዋን ቻርጅ የምናደርግበት ቦታ፤ ቀዩ የሚያሰጋው ነገር። ቀዩ ይበዛል።

"ዘንድሮ በሐምሌ ሄደን እንለማመደዋለን" አለኝ። "መኪናዋ ትደርስ እንደሆነ፣ ሰማዩም ይገለጥ እንደሆነ እናያለን።"

ለምንም ነገር ሲለማመድ አይቼው አላውቅም። ለሠርጋችን እንኳን አልተለማመደም።

አባቴ ጋሽ ወልዴ ይህን ሲሰሙ "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። አባቴ ከጋሞ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሺሮ ሜዳ ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔም ታች ገበያው ላይ ባለችኝ ሱቅ የምሸጠው የእሳቸውን እጅ ሥራ ነው። ባለፈው ግርዶሽ ጊዜ፣ በዚያ የኮሮና ክረምት መግቢያ፣ እናቴ አማረች በሩን ቆልፋ "ማንም እንዳይወጣ" ብላ ነበር። አባቴ ግን ጓሮ ኮክ ዛፉ ሥር የተሰጣ ጋቢ ትዝ አላቸውና ሾልከው ወጡ። በቅጠሉ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ነጩ ጋቢ ላይ ሲያርፍ ክብ ክብ መሆኑ ቀርቶ የማጭድ ቅርጽ ይዟል። መቶ፣ ሁለት መቶ ትናንሽ ማጭድ። "እንዲህ ያለ ጥለት በዕድሜዬ አላየሁም" ይላሉ እስከ ዛሬ። ቀና ብለው ሊያዩ ሲሉ እናቴ ደርሳ በክንዳቸው ጎትታ አስገባቻቸው። "ጥለቱን አየሁት፤ ሸማኔዋን ግን አላየኋትም። አሁን እሷን ነው ማየት የምፈልገው" አሉን።

ዓርብ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዝናብ ተነሳን። እናቴ በር ድረስ ሸኝታን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ "ደረጃ ባለበት እጁን ያዢው" አለችኝ።

"ጉልበታቸውን አመማቸው እንዴ?"

"አዎ፣ ጉልበቱን" አለች፤ ወደ ሌላ እያየች።

አባቴ የፊት ወንበር ላይ ሁለት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። "አባባ፣ አዋሽ እኮ ሙቀት ነው" አላቸው ደሳለኝ። "ሙቀቱ ሲመጣ አወልቃለሁ፤ ብርዱ ግን አሁን እዚሁ ነው ያለው" አሉት።

ከሰፈራችን ወደ መሀል ከተማ ቁልቁል ነው። ፒያሳ ስንደርስ ዘጠና ሰባት ከመቶ የነበረው ባትሪ ዘጠና ስምንት ሆነ። ደሳለኝ መሪውን መታ መታ አደረገ። "አያችሁ? ቁልቁለት ላይ ራሷን ትሞላለች! እየሄደች ትበላለች!"

አባቴ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ሁልጊዜ ቁልቁል እንሂዳ" አሉ።

"መመለሻም አለ እኮ፣ አባባ" ሲል የደሳለኝ ድምፅ ቀነሰ። መመለሻው በቀይ ነበር የተጻፈው።

የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ፣ ፍጥነት ባትሪ ይጨርሳል ብሎ፣ በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር ነዳ። ያላለፈን መኪና የለም። ዶሮ የጫነ ፒክአፕ ሲያልፈን ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ከሺሮ ሜዳ ታክሲ ሾፌሮች አንዱ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ።

አዳማ ላይ ግን ደብተሩ ልክ ሆነ። ማሽኑ ይሠራል፤ ወረፋም የለም። መኪናዋ ቻርጅ እስክታደርግ ጾም ስለነበር በያይነቱ አዘዝን። አባቴ ስናፍጩን ሽሮ መስሏቸው በደንብ አድርገው ጠቀለሉና ጎረሱት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን ተፍቶ መጣል የእሳቸው ወግ አይደለም፤ ዋጡት። "እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሽሮ የለም" አሉ ሲረጋጉ። ደሳለኝና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታወስኩት።

ከወለንጪቲ በኋላ ሙቀቱ መጣ። "ኤሲውን ክፈተው" አልኩ። "ኤሲ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይበላል" አለኝ። መስኮት ስንከፍት የሚገባው አየር የዳቦ መጋገሪያ በር የተከፈተ ያህል ነው። አባቴ አንዱን ጋቢ አወለቁ፤ መተሐራ ላይ፣ በዚያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሀል ስናልፍ፣ ሁለተኛውንም አወለቁ። ዳር ዳሩን ሐይቅ አለ፤ የሞቱ ዛፎች ውሃው ውስጥ ቆመዋል። "አዩት አባባ?" ስላቸው "አየሁት፣ ያምራል" አሉኝ። እየተመለከቱ የነበረው ወደ ሌላው ጎን ነው። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ያረፍነው ወይዘሮ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ጋ ነው። ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ስምንት የሚከራዩ ክፍሎች አሏቸው፤ በየክፍሉ አንድ ቬንትሌተር አለ። ደሳለኝ የመኪናዋን ገመድ በመስኮት አስገብቶ ክፍላችን ውስጥ ሰካ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ቡፍ ብሎ የግቢው መብራት በሙሉ ጠፋ። ቬንትሌተሮቹ ቆሙ። ከየክፍሉ በካናቴራ ብቻ ያሉ ሰዎች እያራገቡ ወጡ፤ ሁሉም ወደ መኪናችን አዩ።

"ምንድን ነው የሰካኸው፣ ልጄ?" አሉት ወይዘሮ ዘሃራ።

"መኪና" አለ ደሳለኝ፤ ሲናገረው ራሱንም አሳፈረው።

እኛ ሰፈር ቢሆን የምንሰማውን ስድብ አውቀዋለሁ። ወይዘሮ ዘሃራ ግን መኪናዋን አንዴ ዞሯት፤ ልክ እንደ ደከመ በቅሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና "እንግዳ ናት፤ ሳትበላ አታድርም" አሉ። ሥጋውን ከፍሪጃቸው አውጥተው ጎረቤት አስቀመጡ፤ ፍሪጁን ነቀሉ፤ የራሳቸውን ቬንትሌተርም አጠፉ። መኪናዋ የፍሪጁን ቦታ ወሰደች። በካናቴራ የወጡትም ሰዎች እየሳቁ ተመለሱ።

ቅዳሜ

ጠዋት መኪናዋ ሙሉ መሆን ነበረባት። መብራት ግን ንጋት ላይ ከተማው በሙሉ ስለጠፋ ሃምሳ አምስት ላይ ቆማ አገኘናት። ደሳለኝ በቀይ ጻፈ። ሰማዩ ግን ደህና ነው። እኛ ሰፈር በሐምሌ ልብስ ሳይደርቅ ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ እዚህ ካልሲዬን አጥቤ ጸጉሬን አበጥሬ ስጨርስ ደርቆ ጠበቀኝ። ደሳለኝ በየግማሽ ሰዓቱ ወጥቶ ደመናውን ይመዘግባል። "ንጹሕ። ንጹሕ። ጥቂት። ንጹሕ።"

ወይዘሮ ዘሃራ ቁርስ ላይ የፍየል ጥብስና የግመል ወተት አቀረቡልን። ወተቱ ለእኔ ጨው ጨው አለኝ። አባቴ ሁለት ኩባያ ጠጡ።

የመጪው ዓመት ግርዶሽ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ በዚያው ሰዓት ከከተማው ጀርባ ወዳለው ገደል አፋፍ ሄድን። አዋሽ ወንዝ ከሥር እንደ ቡናማ ክር ይታያል። ወይዘሮ ዘሃራም "ሦስት ሰው ምንም የሌለበትን ፀሐይ ሊያይ ሲሄድ እኔ አልቀርም" ብለው ጥላ ይዘው ተከተሉን። ደሳለኝ ከባለፈው ግርዶሽ ያስቀመጣቸውን የወረቀት መነጽሮች አደለን። "ያለ መነጽር ማንም ቀና እንዳይል። ሰዓቱ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።" ሰዓቱን እያየ "አምስት፣ አራት፣ ሦስት..." ብሎ ቆጠረ።

"አንድ" ሲል፣ ቀኑን ሙሉ ያልነበረ አንድ ትልቅ ደመና መጥቶ ፀሐይዋ ፊት ተቀመጠ።

በመነጽሩ የሚታየኝ ጨለማ ብቻ ነው። ደሳለኝ ወደ ደብተሩ ዞሮ አንድ ቃል ሊጽፍ ነው፤ ጥሩ ቃል አልነበረም። ወይዘሮ ዘሃራ መሳቅ ጀመሩ። ያኔ ነው አባቴ መነጽሩን እንዳደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣

"አየኋት! ልክ እንደ ብርቱካን! ታምራለች" ያሉት።

ደሳለኝ ፀሐይ በመነጽሩ እንደ ብርቱካን እንደምትታይ መንገድ ላይ ሲያወራ ነው የዋለው። ስናፍጩ፣ ሐይቁ፣ የእናቴ "እጁን ያዢው" ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

"አባባ" አልኳቸው፤ "ፀሐይዋ እኮ ደመና ውስጥ ናት።"

መነጽሩን ቀስ ብለው አወለቁ። በጣቶቻቸው ጠርዙን እየዳበሱ ቆዩ።

"እና ታዲያ እናንተ አላያችኋትም?" አሉ።

"አላየንም። ማንም አላየም።"

"እንዲህ ከሆነ ሁላችንም እኩል ነን" አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ዓመት ይሆናል። ጭጋግ ነው። መጀመሪያ ላይ የሰፈራችን ጭጋግ መስሎኝ ነበር። ሰማያዊውንና ጥቁሩን ክር መለየት አቃተኝ። እናትሽ በርጩማ ይዛ አጠገቤ እየተቀመጠች ቀለሙን ታቀብለኛለች። ሲከብደን ጥለቱን ትተን ነጭ በነጭ ሠራን።"

"ዘመኑ ቀለል ያለ ነው የሚወደው ብለውኝ ነበር።"

"ደንበኞችሽ ወደዱት አይደል?"

ወድደውት ነበር። እኔ ራሴ ሱቅ ውስጥ "የጋሽ ወልዴ አዲስ ስልት" እያልኩ ሸጬዋለሁ። ጨርቅ አውቃለሁ የምለው ሴት፣ አባቴ ቀለም የተወበትን ምክንያት አልጠየቅኩም። ያን ቀን በራሴ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ሐኪም ቤት ትወስጂኛለሽ ብዬ ነዋ። ዓይን በቢላ ይነካል ይላሉ። ያለችኝን ጭላንጭል ቢያጠፏትስ? ያልሸመንኩ እንደሆነ እኔ ማነኝ?"

ይህን ሁሉ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመው የሰሙት ወይዘሮ ዘሃራ ሊገላግሉን መጡ። አባቴ ፊት ቁጢጥ አሉ።

"ጋሼ፣ እኔን ይዩኝ... ማለቴ ይስሙኝ። የእኔም ሁለቱም ዓይኖች የሞራ ግርዶሽ ነበረባቸው። እኔም እንደ እርስዎ ፈርቼ ስንት ዓመት በዳበሳ ኖርኩ። በመጨረሻ ልጆቼ አታለው ወሰዱኝ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ አያምም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ፤ ከዚያ በፊት ባሌን መልከ መልካም ነበር የማውቀው።"

አባቴ ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ወይዘሮ ዘሃራ ግን አልለቀቋቸውም። "እነዚህ ልጆች የሰማዩን ግርዶሽ ፍለጋ ይህን ሁሉ አገር ወረዱ። የእርስዎ ከሰማይ አልመጣ፤ የሚገፈፈውም እዚያው አዲስ አበባ ነው። ያኛው ሳይመጣ ይሄኛው ይነሳላችሁ።"

ስንመለስ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዴን ፈልገው ያዙ። ደመናው ከፀሐይዋ ላይ ተነስቶ ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

እሑድ

መብራቱ ቅዳሜ ማታ መጥቶ ስለነበር መኪናዋ ሰባ አንድ ደረሰች። ወይዘሮ ዘሃራ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ጫኑልን። ደሳለኝ ክብደቱን በዓይኑ ለካው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚበላ ሊናገር ሲል በክርኔ ጎሸምኩት።

ሲወርዱ ራሷን የምትሞላው መኪና ሲወጡ ዕዳዋን ትጠይቃለች። አዳማ የደረስነው በሃያ አራት ነው። ማሽኑ አለ፤ መብራት ግን የለም። ጠባቂው ወደ ሰማይ እያዩ "ይመጣል" አሉን፤ መቼ እንደሆነ ግን አላወቁም። ደሳለኝ ደብተሩን ገለጠ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነበር።

ትንሽ ወጣ ብሎ ጎሚስታ ቤት አየን። ባለቤቱ ከማል ይባላል፤ ጄኔሬተር አለው።

"ጎማ ነው?" አለን።

"ባትሪ ነው" አለ ደሳለኝ።

"ቀላል ነው፤ አውርዱትና ቻርጅ ላድርገው።"

"አይወርድም። የመኪናዋ ወለል በሙሉ ባትሪ ነው።"

ከማል ተንበርክኮ ሥሯን አየ፤ ተነሳ፤ ራሱን አከከ። "እሺ፣ አምጧት" አለ። ጄኔሬተሩን አስነሳ። ጢሱ ቤቱን ሞላው፤ መኪናዋ ጸጥ ብላ ትጠባለች። አባቴ ድምፁን አዳምጠው፣

"ደሳለኝ፣ ይሄ በናፍጣ ነው አይደል የሚሠራው?"

"አዎ አባባ።"

"ታዲያ ናፍጣውን በቀጥታ ለምን አታጠጣትም?"

ከማል ጎማ እየፈታ ነበር፤ ቁልፉን ጥሎ ሳቀ። ደሳለኝ ፊዚክስ ሊያስረዳ አፉን ከፈተና ተወው። ሐብሐቡን እዚያው ቆረጥነው። አራት ሰዓት ሙሉ ከከማልና ከደንበኞቹ ጋር በላነው፤ ደሳለኝም ክብደት ስለቀነሰ ደስ አለው።

አባቴ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ነው፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ "ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አለች አይደል?"

"አዎ" አልኩ።

አዲስ አበባ ስንገባ ዝናቡ ጠበቀን። ስድስት ኪሎ ላይ ባትሪዋ ሦስት ቀራት፤ ከዚያ ወደ ሰፈራችን ያለውን አቀበት የሚያውቅ ያውቀዋል። "እናንተ ውረዱላት" አለ ደሳለኝ። አባቴና እኔ ወርደን በእግር መጣን፤ መኪናዋ ከጎናችን እንደ ታመመች ላም ትከተለናለች። የሚያውቁን ሁሉ ከሱቃቸው ወጡ። "ጋሽ ወልዴ፣ ምነው በእግር?" ሲሏቸው፣ "መኪናዋን እየሸኘናት ነው" ይላሉ። ጨርቅ ተራ ደርሰን መንገዱ ሲቆፈር የቀረው ቦይ ጋ ቆሙና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እጅሽን ስጪኝ፤ ጉድጓዱ አይታየኝም" አሉኝ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። "አማረች፣ ነገርኳቸው" አሏት።

እሷም ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከመችውን ሚስጥር ነው ያወረደችው።

የግራ ዓይናቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሠራላቸው፤ ቀኙ ተራውን ይጠብቃል። ደሳለኝ ደብተሩን አርሞታል። የሚመጣው ዓመት ጉዞ ላይ ኤሲ ይከፈታል፤ አዋሽ አንድ ቀን ቀድመን እንደርሳለን፤ እናቴም ተጨምራለች፤ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን እመጣለሁ ብላለች። ግርዶሹ በዚያ ሰዓት ደመና ይግጠመው አይግጠመው ግን ልምምዱ አላስተማረንም።

ባለፈው ማክሰኞ ወላጆቼ ቤት ስገባ አባቴ ከሽመና ዕቃቸው ሥር ተቀምጠዋል። እናቴ እንደ ልማዷ በርጩማዋን አጠገባቸው አድርጋ ክሮቹን ጭኗ ላይ ደርድራለች። አባቴ እጃቸውን ሰደዱና፣ ሳይዳብሱ፣ ሳይጠይቁ፣ ሰማያዊውን አነሱ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገው አዩት። ሁለታችንም አየናቸው።

እናቴ የቀሩትን ክሮች ቅርጫት ውስጥ መለሰችና ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። "እንግዲህ እኔ ሥራ ፈታሁ" አለች።

"ወዴት ልትሄጂ ነው?"

"ወጥ ልሥራ እንጂ። ምን አደርጋለሁ እዚህ?"

"ወጡ ይደርሳል" አሉ አባቴ፣ ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሱ። "ክሩን እኔ አያለሁ። ወሬውን ማን ያቀብለኛል? ቁጭ በይ።"

እናቴም በርጩማዋን ይበልጥ አስጠግታ ተቀመጠች።